መኪና የማይስማማውን ትንሽ ውሻ ለጉዞ ማለማመድ

ትንሽ ውሻ ይዞ መንገድ መውጣት ለብዙ ባለቤቶች ጭንቅ የሚሆነው ውሻው መኪና ውስጥ ስለሚያስመልስ፣ ወይም ከመነሻው እስከ መድረሻው ሲንቀጠቀጥና ሲያለቅስ ስለሚሄድ ነው። ሁለቱ ችግሮች ብዙ ጊዜ አብረው ስለሚታዩ እንደ አንድ ይቆጠራሉ፤ ይሁንና አንዱ የሰውነት ሕመም፣ ሌላው ደግሞ የፍርሃት ጉዳይ በመሆኑ መፍትሔያቸው ይለያያል። ከሁሉም በላይ መያዝ ያለበት ቅደም ተከተሉ ነው፤ በመጀመሪያ ማቅለሽለሹ መቆም አለበት፣ ፍርሃቱን የማላቀቅ ሥራ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ሆዱ እየታወከ ያለ ውሻ መኪናን እንዲወድ ማስተማር አይቻልም፤ ለሳምንታት በትዕግሥት የተሠራ ልምምድ በትውከት በሚያበቃ አንድ ጉዞ ሊፈርስ ይችላል።

ሕመሙ ከየት ይመጣል

በውስጠኛው የጆሮ ክፍል የሰውነትን ሚዛንና እንቅስቃሴ የሚከታተል፣ በፈሳሽ የተሞላ አካል አለ። መኪናው ሲታጠፍ፣ ፍሬን ሲይዝና ሲፈጥን ይህ አካል ሰውነት እየተንቀሳቀሰ መሆኑን ለአንጎል ያሳውቃል። ወንበር ላይ ወይም ወለሉ ላይ የተቀመጠ ትንሽ ውሻ ግን ቁመቱ እስከ መስኮቱ ስለማይደርስ ዓይኑ የሚያየው ቆሞ የቀረ የሚመስለውን የወንበር ጀርባና የበሩን ውስጠኛ ክፍል ብቻ ነው። ጆሮው «እየሄድን ነው»፣ ዓይኑ ደግሞ «ቆመናል» ሲሉ አንጎል ውስጥ ያለው ትውከትን የሚያዝ ክፍል ይቀሰቀሳል። ቡችሎች ከአዋቂ ውሾች ይልቅ በዚህ የሚቸገሩት የሚዛን አካላቸው ገና ሙሉ በሙሉ ስላልዳበረ ነው ተብሎ ይታመናል፤ ብዙዎቹም አንድ ዓመት ገደማ ሲሞላቸው ሕመሙ ይለቃቸዋል። ችግሩ እስከዚያ ድረስ ያሳለፉት መከራ ነው። ሕመሙ ከሄደም በኋላ መኪና ማለት ማቅለሽለሽ ማለት ነው የሚለው ትዝታ ይቀራል፤ ባለቤቱም «ትልቅ ሲሆን ይተወዋል» ብሎ ዝም ካለ ከሕመሙ የተረፈ ፈሪ ውሻ ይጠብቀዋል።

የትኛው ችግር እንደሆነ መለየት

ማቅለሽለሽ ትውከቱ እስኪመጣ ድረስ ተደብቆ አይቆይም፤ ለሚያስተውል ሰው ቀደም ብሎ ይታያል። መኪናው መንቀሳቀስ ከጀመረ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ውሻው ጭምት ይሆናል፤ የጠሩትን ስሙን እንኳ የሰማ አይመስልም። ከዚያም ምላሱን ብቅ እያደረገ ከንፈሩንና አፍንጫውን ይልሳል፣ ምንም ሳይበላ ደጋግሞ ይውጣል፣ እንቅልፍ ሳይኖረው ያዛጋል። ቀጥሎ ከአፉ ጥግ ቀጭን የለሃጭ ክር ይወርዳል፤ የአገጩና የደረቱ ፀጉርም ይረጥባል። በመጨረሻ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሆዱ በኃይል መኮማተር ሲጀምር የቀረው ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚያየው ይህን የመጨረሻውን ምልክት ነው፤ መኪናውን ማቆምና ውሻውን ንጹሕ አየር እንዲያገኝ ማድረግ የሚጠቅመው ግን ከንፈሩን መላስ በጀመረበት ሰዓት ነው።

ፍርሃት በአንጻሩ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ይጀምራል። ውሻው የቁልፍ ድምፅ ሲሰማ አልጋ ሥር ይገባል፣ ጭራውን ይወሽቃል፣ ወደ መኪናው ሲቀርብ እግሩን ተክሎ አልሄድም ይላል። ውስጥ ከገባ በኋላም ሳይሞቀው ያለከልካል፣ ይንቆራጠጣል፣ ያለቅሳል፤ የውሻ ላብ በመዳፉ በኩል ስለሚወጣ ደግሞ የተጨነቀ ውሻ በረገጠው ለስላሳ ወለል ላይ እርጥብ የእግር ምልክት ሊታይ ይችላል።

ሁለቱን ለመለየት የሚረዳ አንድ ቀላል መንገድ አለ። ውሻው በጣም የሚወደውን ምግብ በትንሽ በትንሹ ቆርጠው ይያዙና ሞተሩ በጠፋ መኪና ውስጥ አንድ ቁራሽ ይስጡት። በጉጉት ከበላ፣ መኪናው ከተንቀሳቀሰ በኋላ ግን ያንኑ ምግብ አሽትቶ ፊቱን ካዞረ፣ ወይም አፉ ውስጥ አስገብቶ ከተፋው፣ ዋናው ችግር ማቅለሽለሹ ነው። በቆመው መኪና ውስጥም አልበላም ካለ ፍርሃት ገብቶበታል ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ደጋግሞ የታመመ ውሻ መኪናውን ሲያይ ብቻ ለሃጩን ማዝረብረብ ሊጀምር ስለሚችል፣ ለሃጩ ከጉዞው በፊት መጣ ተብሎ ሕመሙ የለም ማለት አይደለም። እንዲህ ያለው ውሻ ሁለቱም አሉበት፤ ሕክምናውም በማቅለሽለሹ ይጀምራል።

ምግብና ባዶ ሆድ

ለአዋቂ ውሾች በተለምዶ የሚሰጠው ምክር ከጉዞው በፊት ከ6 እስከ 8 ሰዓት ምግብ እንዳይበሉ ነው። ይህ ምክር ለትንንሽ ውሾች እንዳለ መወሰድ የለበትም። እንደ ቺዋዋና ዮርክሻየር ቴሪየር ያሉ በጣም ትንንሽ ዝርያዎች፣ በተለይም ቡችሎቻቸው፣ በሰውነታቸው የሚያከማቹት ኃይል ጥቂት ስለሆነ ረጅም ጾም የደም ስኳራቸውን በአደገኛ ሁኔታ ሊያወርደው ይችላል። ለእነዚህ የሚሻለው ከጉዞው ከ3 እስከ 4 ሰዓት ቀደም ብሎ ከተለመደው ያነሰና ቅባት የሌለው ምግብ መስጠት ነው። ውሻው ከደከመው፣ ከተንገዳገደ፣ ዓይኑ ከፈዘዘ ወይም ከተንዘፈዘፈ ጉዳዩ የስኳር መውረድ ሊሆን ይችላል፤ ትንሽ ማር ወይም ሽሮፕ በጣት ድዱ ላይ ቀብተው ወዲያውኑ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት። ውሃ አይከልከል፤ ነገር ግን ከመነሣቱ በፊት አንድ ሳህን ሙሉ እንዲጠጣ ከማድረግ ይልቅ ጥቂት ጥቂት እያሉ መስጠት ይሻላል።

የት ይቀመጥ

ብዙ ሰው ትንሽ ውሻን በጭኑ ላይ አስቀምጦ ይነዳል፤ ውሻው ስለሚረጋጋ ትክክል ይመስላል። እኔ ግን ከማናቸውም የጉዞ ልማዶች ይህን አስቀድሜ አስቀር ነበር። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ በድንገት ሲቆም 4 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ወደ ፊት የሚወረወርበት ኃይል በግምት የክብደቱን 30 እጥፍ፣ ማለትም ከ100 ኪሎ በላይ ሊሆን ይችላል፤ በእጅ አቅፎ ማስቀረት አይታሰብም። አሽከርካሪው ጭን ላይ ወይም የፊት ወንበር ላይ ከሆነ ደግሞ ሲፈነዳ የሚወጣው ኤርባግ ራሱ ሊገድለው ይችላል።

ሁለት አስተማማኝ አማራጮች አሉ። አንደኛው በደንብ የታሰረ ማጓጓዣ ሣጥን ሲሆን ስፋቱ ውሻው ቆሞ፣ ዞሮና ተጋድሞ እንዲመች ብቻ ይሁን፤ ከዚያ የሰፋ ሣጥን በመጠምዘዣ መንገድ ላይ ውሻውን ከግድግዳ ግድግዳ እያላተመ ማቅለሽለሹን ያብሳል። ለትንሽ ሣጥን ከፊት ወንበር ጀርባ ያለው ወለል ጥሩ ቦታ ነው፤ ከኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ከሆነ አምራቹ በሚያዘው መንገድ መታሰር አለበት። ሁለተኛው አማራጭ ውሻውን ከፍ አድርጎ ወደ ውጭ እንዲያይ የሚያስችል፣ ኋላ ወንበር ላይ የሚታሰር ትንሽ መቀመጫ ነው። ማሰሪያው የሚያያዘው ደረቱን በሚይዝ ሰፊ ቀበቶ እንጂ በአንገቱ ማሰሪያ መሆን የለበትም፤ የትንንሽ ዝርያዎች የአየር ቧንቧ በቀላሉ የሚጎዳ ነው።

ከሁለቱ የትኛው ይሻላል የሚለውን ውሻው ይወስናል። አንዳንዱ ወደ ፊት አርቆ ማየት ሲችል ዓይኑና ጆሮው ስለሚስማሙለት ማቅለሽለሹ ይቀንስለታል። ሌላው ደግሞ በጎን መስኮት የሚሮጡትን ዛፎችና መኪኖች ሲያይ ይብስበታል፤ ለእሱ የሣጥኑን ጎኖች አየር በሚያሳልፍ ስስ ጨርቅ ሸፍኖ የፊቱን ክፍት መተው ይረዳዋል። ሁለቱንም በአጭር መንገድ ሞክረው ከንፈር መላሱ የቀነሰበትን ይምረጡ።

አየሩና አነዳዱ

መስኮቱን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍቶ ንጹሕ አየር ማስገባት ጠቃሚ ነው፤ ጭንቅላቱን ማውጣት ግን ለዓይኑና ለጆሮው አደገኛ ነው። መኪናው ቀዝቀዝ ያለ ይሁን። ለእኛ መልካም የሚሸተን የመኪና ሽቶ ከእኛ እጅግ የላቀ አፍንጫ ላለው እንስሳ ማቅለሽለሽን የሚያብስ ስለሆነ ያውጡት። አነዳድን በተመለከተ ደግሞ የሚባለው ነገር አጭር ነው፤ ፍሬኑን በሩቁ መያዝ፣ መታጠፊያዎችን ቀስ ብሎ መዞር፣ በረጅም መንገድ ቢያንስ በየ2 ሰዓቱ ቆሞ ውሻውን በማሰሪያው ይዞ ማንሸራሸር። በእረፍት ጊዜ ውሻውን መኪና ውስጥ ዘግተው አይሂዱ፤ ውጭው 21 ዲግሪ ሴልሺየስ ብቻ ቢሆንም ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከ30 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ መስኮት ገርበብ ማድረጉም ብዙ ለውጥ አያመጣም። እንደ ፐግና ሺ ትዙ ያሉ አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ዝርያዎች ሙቀትን በማለክለክ ለማውጣት ስለሚቸገሩ ለዚህ አደጋ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው።

መድኃኒት መቼ ያስፈልጋል

አቀማመጡ፣ ምግቡና አነዳዱ ተስተካክሎ ውሻው አሁንም ካስመለሰ መድኃኒት መጠየቅ ሽንፈት ተደርጎ መታየት የለበትም። እንዲያውም ከላይ የተባለው ቅደም ተከተል በሥራ ላይ የሚውለው በዚህ ነው፤ ልምምዱ በሚካሄድበት ሰሞን ውሻው ጨርሶ እንዳያቅለሸልሸው ማድረግ የልምምዱን ጊዜ ያሳጥረዋል።

በዚህ ረገድ የእንስሳት ሐኪሞች በሰፊው የሚያዙት ማሮፒታንት የተባለውን መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለውሾች የፈቀደው ይህ መድኃኒት ትውከትን የሚቀሰቅሰውን ኬሚካላዊ መልእክት አንጎል ውስጥ የሚዘጋ ሲሆን ውሻውን አያስተኛም። ለጉዞ ሕመም ዕድሜያቸው ከ4 ወር በላይ ለሆኑ ውሾች ይሰጣል፤ የሚዋጠውም ከመነሣት ቢያንስ 2 ሰዓት ቀደም ብሎ ከትንሽ ምግብ ጋር ነው። ክኒኑን በአይብ ወይም በሥጋ አጥብቆ ጠቅልሎ መስጠት ሟሟቱን ሊያዘገየው ስለሚችል አይመከርም። ለጉዞ የሚታዘዘው መጠን ለተራ ትውከት ከሚታዘዘው በእጅጉ ስለሚበልጥ፣ ለሌላ ጊዜ ሕመም ተሰጥቶ የተረፈን ክኒን ለጉዞ መጠቀም ትክክል አይሆንም። ትውከቱን ቢያስቆምም ለሃጭና መጠነኛ ማቅለሽለሽ ሊቀር እንደሚችል ይወቁ።

ለሰው የሚሸጡ የጉዞ ክኒኖች፣ ለምሳሌ ዳይመንሃይድሪኔትና ሜክሊዚን፣ አንዳንድ ጊዜ በሐኪም ትእዛዝ ለውሻ ይሰጣሉ። አደጋው የሚመጣው ባለቤቱ በራሱ ግምት ሲሰጥ ነው። ለ70 ኪሎ ሰው የተሠራ ክኒን ለ3 ኪሎ ውሻ እንዴት እንደሚከፈል ማስላት ከባድ ከመሆኑም በላይ፣ ከመድኃኒቱ ጋር ለውሻ መርዝ የሆኑ እንደ ፓራሲታሞል፣ ስዩዶኤፌድሪን (የአፍንጫ መታፈን መድኃኒት) ወይም ዛይሊቶል (የስኳር ምትክ) ያሉ ነገሮች ተቀላቅለው ሊገኙ ይችላሉ።

ለፍርሃቱ ደግሞ ሐኪሙ እንደ ትራዞዶን ወይም ጋባፔንቲን ያሉ መድኃኒቶችን ሊያዝ ይችላል። የመጀመሪያውን መጠን በጉዞው ዕለት ሳይሆን ቤት በሚውሉበት ቀን ሰጥቶ ውሻው እንዴት እንደሚሆን ማየት ያስፈልጋል። ለረጅም ዓመታት በዘልማድ ሲሰጥ የኖረው ኤሴፕሮማዚን የተባለው መድኃኒት ብቻውን ሲሰጥ ሰውነትን የሚያፈዝ እንጂ ፍርሃትን የሚያስወግድ አይደለም፤ ውሻው ጸጥ ስላለ ተረጋግቷል ብሎ መደምደም ስህተት የሚሆነውም ለዚህ ነው። በአውሮፕላን ለሚጓዝ ውሻ እንዲህ ያለ የሚያፈዝ መድኃኒት መስጠት የደም ግፊቱንና አተነፋፈሱን ሊጎዳ ስለሚችል በአጠቃላይ አይመከርም።

ፍርሃቱን ማላቀቅ

ልምምዱ የሚጀመረው ከመኪናው ሳይሆን ከሣጥኑ ነው። ሣጥኑን ሳሎን ውስጥ በሩን ከፍተው ያስቀምጡ፤ ውሻው የሚተኛበትን ጨርቅ ያንጥፉበት፤ ምግቡን መጀመሪያ ደጃፉ ላይ፣ በሌላ ቀን ገባ አድርገው፣ በኋላም እስከ ጥግ ድረስ እየወሰዱ ያቅርቡለት። በራሱ ፈቃድ ገብቶ መተኛት ሲጀምር በሩን ለአፍታ ዘግቶ መክፈት፣ ቀጥሎም የሚዘጋበትን ጊዜ ማርዘም ይቻላል። ሣጥኑን አንሥቶ ክፍል ውስጥ መዞር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ በመያዣው አንጠልጥሎ እያወዛወዙ መሄድ ግን ማቅለሽለሹን ከቤት ስለሚያስጀምረው ከሥር በሁለት እጅ ደግፎ መያዝ ይገባል።

ወደ መኪናው የሚደረገው ጉዞም እንዲሁ በትንሽ በትንሹ የሚከፈል ነው። ሞተሩ ጠፍቶ በሮቹ ተከፍተው ሳለ መኪናው አጠገብ ምግብ መስጠት፤ ውስጥ ገብቶ መብላት፤ በሩ ተዘግቶ አንድ ደቂቃ መቆየት፤ ሞተሩ ተነሥቶ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ፤ ጥቂት ሜትር ወደ ፊትና ወደ ኋላ መንዳት፤ ከዚያም ከ5 ደቂቃ ያልበለጠ ዙር። ሕጉ አንድ ነው፤ ውሻው አሁን ባለበት ደረጃ ያለ ሥጋት እየበላ ካልሆነ ወደሚቀጥለው አይታለፍም። መብላት ካቆመ፣ ጆሮውን ከለጠፈ ወይም መንቀጥቀጥ ከጀመረ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይመለሱ። ብዙ ባለቤቶች የሚሰናከሉት ሞተሩ በሚነሣበት ደረጃ ላይ ነው፤ እስከዚያ ሁሉ ነገር ስለሰመረ በዚያው ዕለት ወደ መንገድ ይወጣሉ። የሞተሩ ድምፅና ንዝረት ለትንሽ ውሻ ራሱን የቻለ አዲስ ነገር ስለሆነ ለብቻው ብዙ ቀን ቢሰጠው አይበዛበትም። ልምምዱ አጭር ይሁን፤ በቀን አንድ ሁለቴ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።

ልምምዱ እየተካሄደ ሳለ እውነተኛ ረጅም ጉዞ የግድ ከሆነ መድኃኒቱ አስቀድሞ ይሰጠው። የሚደረስበት ቦታም ይታሰብበት፤ መኪና ውስጥ የገባ ቁጥር መጨረሻው መርፌ ወይም የፀጉር መቁረጫ ቤት የሚሆንበት ውሻ መኪናን ቢጠላ አይፈረድበትም። ከመጀመሪያዎቹ አጫጭር ዙሮች አብዛኞቹ ሜዳ ላይ በመሮጥ ወይም ወደ ቤት ተመልሶ በመጫወት ቢያልቁ መልካም ነው።

የፈራን ውሻ ማባበል ፍርሃቱን ያጠናክርበታል የሚለው አባባል መሠረት የለውም። ፍርሃት ስሜት እንጂ በሽልማት የሚማሩት ጠባይ ስላልሆነ፣ በለሰለሰ ድምፅ ማናገርም ሆነ እጅን ሣጥኑ ላይ ማሳረፍ አይጎዳውም። የሚጎዳው መቆጣት፣ ጎትቶ ማስገባትና «ይለምደዋል» ብሎ በር ዘግቶ ማስጮኽ ነው።

ከነዚህ ውጪ የሚሸጡ ረዳት ነገሮች ብዙ ናቸው። የእናት ውሻን ጠረን አስመስሎ የተሠራው ፌሮሞን ውሻው ከመግባቱ 15 ደቂቃ ያህል ቀደም ብሎ ሣጥኑ ውስጥ ይረጫል፤ አንዳንዱን ያረጋጋል፣ ሌላው ላይ ለውጥ አይታይም። ደረትን ጠበቅ የሚያደርግ ልብስም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪዋ ዴቦራ ዌልስ ያሳተመችው ጥናት በመኪና ጉዞ ለሚረበሹ ውሾች የላቬንደር አበባ ሽታ ሲኖር የመጋደምና የመቀመጥ ጊዜያቸው እንደጨመረ አሳይቷል፤ ይሁንና ይህ ሽታ ላያቅለሸልሻቸው ለሚችሉ ውሾች ነው፣ የላቬንደር ዘይትንም ቆዳቸው ላይ መቀባት አይገባም። እኔ ከእነዚህ ነገሮች በፊት ገንዘቡ ለጥሩ ሣጥን ቢወጣ እመርጣለሁ።

ካስመለሰ በኋላ

ሣጥኑ ውስጥ ፈሳሽ የሚመጥ ንጣፍ ያድርጉ፤ ተለዋጭ ጨርቅ፣ ከረጢትና ውሃ በእጅ ሊደርሱበት ከሚችሉበት ቦታ ይኑር። ውሻው ካስመለሰ ደህና ቦታ ፈልገው ያቁሙ፣ ማሰሪያውን ይዘው ያውርዱት፣ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉለት፣ ምግብ ሳይሆን ጥቂት ውሃ ይስጡት። የቀረ ሽታ በሚቀጥለው ጉዞ ፍርሃቱን ስለሚቀሰቅስበት መኪናው ቤት ሲደርስ ሽታውን በኢንዛይም በሚያጠፋ ማጽጃ ይታጠብ፤ አሞኒያ ያለበት ማጽጃ ግን ሽንት ሽንት ስለሚለው አይመከርም።

ሐኪም ዘንድ ለምክር ሲሄዱ በጉዞ ላይ ውሻውን በቪዲዮ የቀረጸ ሌላ ተሳፋሪ ካለ ቪዲዮውን ይዘው ይሂዱ፤ ለሃጩ ስንት ደቂቃ ላይ እንደጀመረ ሐኪሙ ራሱ ማየቱ ከማንኛውም ገለጻ ይበልጣል። ለዓመታት ያለ ችግር ሲጓዝ የኖረ አዋቂ ውሻ በድንገት ማስመለስ ከጀመረ፣ ከመኪና ውጪም የሚያስመልስ ከሆነ፣ ጭንቅላቱን ወደ አንድ ጎን ካዘመመ፣ በክብ ከዞረ ወይም ዓይኑ ያለማቋረጥ ወዲያና ወዲህ ከተንቀሳቀሰ የውስጥ ጆሮ ወይም የነርቭ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ልምምዱን አቁመው በዚያው ዕለት ያስመርምሩት። ወደ መኪና ሲያነሡት የሚጮኽ ከሆነ ደግሞ ጀርባውንና ጉልበቱን እንዲያይለት ሐኪሙን ይጠይቁ፤ የጉልበት ሎሚ መንሸራተት በትንንሽ ዝርያዎች የተለመደ ነው፣ የሚያስፈራውም ጉዞው ሳይሆን መነሣቱ ሊሆን ይችላል።